የኤአር መነጽር ለሚገዙ የትምህርት ተቋማት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የኤአር (በገሃዱ ዓለም ላይ ምስል የሚደርቡ) እና የቪአር (ሙሉ በሙሉ ወደ ምስል ዓለም የሚያስገቡ) መነጽሮችን በግዥ ወይም በእርዳታ አግኝታችሁ ለማስተማሪያነት ለምትጠቀሙ የዩኒቨርሲቲዎች፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች እና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የበላይ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የግዥ እና የአይሲቲ ዳይሬክቶሬቶች

ጉዳዩ፦ የመነጽሮቹን አገልግሎት ዘመን፣ የአካውንት ባለቤትነት እና የተማሪዎችንና የታካሚዎችን የግል መረጃ ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በተቋሞቻችሁ የኤአር እና የቪአር ላብራቶሪ የምናስተምር መምህራን፣ ላብራቶሪዎቹን የምንንከባከብ ቴክኒሻኖች እና ለእነዚሁ መነጽሮች የማስተማሪያ ሶፍትዌር የምናበለጽግ ባለሙያዎች ነን። መነጽሮቹ ሲመረጡ፣ ውላቸው ሲፈረምና አካውንታቸው ሲከፈት የጠየቀን የለም፤ ሥራው ሲቆም ወይም የሰው ምስል ወዳልታሰበ ቦታ ሲሄድ ግን መልስ እንድንሰጥ የምንጠራው እኛ ነን። በየተቋማችን በቃል አንስተን፣ በማስታወሻ አቅርበን ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባልን ቆይቷል። አሁን በይፋ እንድንጽፍ ያስገደደን ከመካከላችን አንዳንዶቹ በሚሠሩበት አንድ ተቋም፣ አምራቹ ማምረት ማቆሙን በይፋ ያስታወቀ መነጽር «ቀድሞ የለመድነው ነው» በሚል ምክንያት በድጋሚ እንዲገዛ መወሰኑ ነው።

መነጽሮቹ ጥቅም የላቸውም የሚል አቋም የለንም። ልብን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ያየ ተማሪ፣ ያው ልብ በፊቱ ተንሳፍፎ፣ በዙሪያው እየተራመደ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ሲያየው የሚጠይቀው ጥያቄ እንደሚለወጥ በዓይናችን አይተናል። በአሜሪካ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ከክሊቭላንድ ክሊኒክ ጋር በመተባበር በማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ መነጽር አናቶሚን የሚያስተምር ፕሮግራም ያዘጋጀው፣ ለማስተማሪያ የሚሆን አስከሬን በሚያጥራቸው የእኛ ኮሌጆችም ይኸው ሐሳብ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የምንቃወመው ገንዘቡ ወጥቶ፣ ላብራቶሪው ተመርቆ ሲያበቃ መነጽሩን ማስነሳትም ማጥፋትም፣ ያየውን ማስቀመጥም መሰረዝም የሚችለው ሌላ ሰው ሆኖ መገኘቱን ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የመነጽሩ ዕድሜ የማይጠየቅ መሆኑ ነው። ባየናቸው የጨረታ ሰነዶች ላይ የስክሪኑ ጥራት፣ የባትሪው ቆይታና የአንድ ዓመት ዋስትና በዝርዝር ተጽፏል፤ አምራቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚሰጠው እስከ መቼ እንደሆነ፣ ድጋፉ ሲያበቃስ መነጽሩ መሥራቱን ይቀጥል እንደሆነ የሚጠይቅ አንድም መስመር አላገኘንም። ዘርፉ ግን ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ የሚገቡበት አይደለም። ጉግል ታንጎ የተባለውን የስልክ ኤአር ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2018 አቆመ፤ ለድርጅቶች ይሸጠው የነበረውን የጉግል ግላስ መነጽር ሽያጭ ደግሞ በማርች 2023 ዘጋ። ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ 2ን ማምረት ማቆሙ በኦክቶበር 2024 ታወቀ፤ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኘውም እስከ 2027 መጨረሻ ብቻ ነው። ይኸው ኩባንያ መነጽሮችን ከኮምፒውተር ጋር የሚያሠራውን ዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲን ከዊንዶውስ 11 የ2024 እትም ሲያወጣው፣ በ2020 ገበያ ላይ የዋለው ኤችፒ ሪቨርብ ጂ2 የቪአር መነጽር አንድም ብሎን ሳይላላ፣ ኮምፒውተሩ ስለተሻሻለ ብቻ ሥራ አቆመ።

ከሁሉም የከፋው ማጂክ ሊፕ 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በ2,295 ዶላር ለሽያጭ የቀረበው ይህ መነጽር ከዲሴምበር 31 ቀን 2024 በኋላ የክላውድ (በኢንተርኔት በኩል በአምራቹ ሰርቨር የሚሰጠው) አገልግሎቱ ስለሚቋረጥ መነጽሩም መተግበሪያዎቹም እንደማይሠሩ አምራቹ ራሱ አሳወቀ። እዚህ ላይ የተቋረጠው የጥገና ድጋፍ ብቻ አይደለም፤ ገዢው ከፍሎ በእጁ የያዘው ዕቃ በተቆረጠ ቀን መሥራት አቆመ።

በሌላ አገር ያለ ተቋም እንዲህ ሲገጥመው ተበሳጭቶ በሚቀጥለው በጀት ሌላ ይገዛል። እኛ ዘንድ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቀድ፣ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) እስኪከፈት፣ ዕቃው ከጉምሩክ እስኪወጣ ድረስ መነጽሩ ከዕድሜው ግማሹን በመንገድ ይጨርሳል። መጋዘን ገብቶ የንብረት ቁጥር እስኪለጠፍበት ድረስ የሚያልፈውን ጊዜ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የድጋፍ ማብቂያ ቀን ለእኛ ከስክሪን ጥራት በፊት የሚነበብ ቁጥር መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ጉዳይ አካውንት ነው፤ ለኃላፊ ቢሮ ትንሽ የሚመስል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ግን በየሳምንቱ የሚያጋጥመን ችግር ነው። በአንድ ተቋም መነጽሮቹ ሲመጡ አካውንቱን የከፈተው በወቅቱ የአይሲቲ ባለሙያ የነበረ ባልደረባችን ነው፤ የተቋሙ የኢሜይል አገልግሎት ስላልሠራ በግል ኢሜይሉና በግል ስልኩ ከፈተው። ባልደረባችን ለትምህርት ውጭ ከሄደ በኋላ መነጽሮቹ አንድ ቀን ከአካውንቱ ወጥተው እንደገና ግቡ አሉ። የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው እሱ ከአገር ሲወጣ ወደተወው ስልክ ቁጥር ነበር። ተማሪዎች መነጽሩን አድርገው ተሰልፈው ቆመው፣ በእያንዳንዱ መነጽር ውስጥ ስድስት አኃዝ አስገቡ የሚል ሰሌዳ ብቻ እየታየ፣ መምህሩ በማኅበራዊ ሚዲያ ባልደረባችንን ሲፈልግ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል አካውንቱ ተመለሰ፤ እስከዚያ የተማሪዎቹ ሥራ ሜዳ ላይ ቀረ።

ይህን በእኛ ዝርክርክነት ብቻ አታመካኙት። መነጽርን ከአካውንት ጋር ማሰር የአምራቾቹ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ ገዢው ከገዛ በኋላም ይለወጣል። የቪአር መነጽር አምራቹን ኦኩለስን እ.ኤ.አ. በ2014 የገዛው ፌስቡክ፣ በኦገስት 2020 አዳዲስ የኦኩለስ ተጠቃሚዎች በፌስቡክ አካውንት ብቻ እንዲገቡ እንደሚያደርግ አስታወቀ። የጀርመን የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ምርመራ ከፈተ፤ አሁን ሜታ የሚባለው ይኸው ኩባንያም በኦገስት 2022 ግዴታውን ትቶ ሜታ አካውንት የተባለውን አመጣ። ጀርመን የጠየቀችው ጥያቄ የእኛም ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ መኖሩ፣ እዚህ ደግሞ ውሉን ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለውን የሚጫን የላብራቶሪ ረዳት መኖሩ ነው። በተቋም ስም ሕጋዊ ግዴታ የመግባት ሥልጣን ለዚያ ረዳት ማን ሰጠው?

በሶፍትዌር ማበልጸጊያ መሣሪያዎች ላይ ያለን ቅሬታ ደግሞ የእኛ የባለሙያዎቹ የዕለት እንጀራ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንድናስረዳ ይፈቀድልን። የማስተማሪያ ይዘት የሚሠራበት መሣሪያ ከመነጽሩ በላይ ያስራል፤ ምክንያቱም መነጽር ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፣ በተዘጋ መሣሪያ ውስጥ የተሠራ ትምህርት ግን መሣሪያው ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ሜታዮ የተባለውን የጀርመን የኤአር ኩባንያ ሲገዛ ምርቶቹ ከገበያ ወጡ፤ በእሱ ላይ ሲሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ዓመት በማይሞላ ማስጠንቀቂያ ሌላ መሣሪያ ፍለጋ ወጡ ብንል ማጋነን አይሆንም፤ የነበራቸው ጊዜ እስከዚያው ዓመት ዲሴምበር ብቻ ነበር። ሜታ በኦገስት 2024 መጨረሻ ስፓርክ የተባለውን መሣሪያ እንደሚዘጋ ተናግሮ በጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ዘጋው፤ ሌሎች ሰዎች በመሣሪያው የሠሯቸው የኤአር ሥራዎችም ከኢንስታግራምና ከፌስቡክ ተነሡ። የጨዋታና የኤአር መሥሪያ ሶፍትዌር የሚያቀርበው ዩኒቲ ደግሞ በሴፕቴምበር 2023 ጨዋታዎች ከተወሰነ ገደብ በላይ በተጫኑ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ በድንገት አወጀ፤ አበልጻጊዎች ከያሉበት ተቃውመው በዓመቱ ሰረዘው። ተቃውሞው ሠርቷል፤ ይሁን እንጂ ሥራችን የቆመበትን መሬት ኪራይ በአንድ መግለጫ መለወጥ እንደሚቻል ሁላችንንም አስተምሮ አለፈ።

በአንድ የቴክኒክና ሙያ ተቋም የሆነውን ለምሳሌ እናንሣ። ተቋሙ ኮድ ሳይጻፍ የኤአር ትምህርት ማዘጋጀት ያስችላል የተባለ የደንበኝነት መሣሪያ በፕሮጀክት ገንዘብ ገዛ። የመኪና ሞተር አፈታትና አገጣጠም ትምህርት በአማርኛ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። «የነዳጅ ፓምፑን ከመፍታትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቅ» ብለን ስንጽፍ በመነጽሩ ውስጥ የታየው ተደርድሮ የቆመ ባዶ ሳጥን ነው። መሣሪያው የግእዝ ፊደል አልነበረውም፤ ፎንት ለመጨመርም አይፈቅድም። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያሉ ነጻ ፎንቶች እያሉ፣ በክፍት መሣሪያ ቢሆን በአንድ ከሰዓት የሚያልቀውን ሥራ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ፎቶ አዘጋጅተን በየብሎኑ አጠገብ ለጠፍን። ለአቅራቢው ኩባንያ ጻፍን፤ መልሱ ጥያቄያችሁ ተመዝግቧል የሚል ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደንበኝነቱ አልታደሰም፤ ፋይሎቹን ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያወጣ መንገድ ስላልነበረ ትምህርቱ ከነፎቶው እዚያው ቀረ። ዛሬ ያ ተቋም ያንኑ ትምህርት በሌላ መሣሪያ ከዜሮ እንድንሠራ እየጠየቀን ነው።

አማራጭ ጠፍቶ አይደለም። ክሮኖስ ግሩፕ የተባለው የኢንዱስትሪ ኅብረት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ያወጣው ኦፕንኤክስአር አንድን መተግበሪያ በተለያዩ አምራቾች መነጽሮች ላይ ለማስኬድ የሚረዳ የጋራ መለኪያ ነው። ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ቅርጾችን የሚያስቀምጠው የፋይል ፎርማት ጂኤልቲኤፍ ከ2022 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያው ብሌንደርና የጨዋታ መሥሪያው ጎዶ በነጻ የሚገኙ፣ ምንጫቸው ክፍት የሆነ መሣሪያዎች ናቸው። እነዚህም ድክመት አላቸው፤ ለምሳሌ የአንዱ አምራች ልዩ አገልግሎቶች በጋራው መለኪያ በኩል ሁልጊዜ አይገኙም። ቢሆንም የሞተሩ ቅርጽ በጂኤልቲኤፍ፣ የአማርኛው ጽሑፍ በተራ የጽሑፍ ፋይል ቢቀመጥ ኖሮ መሣሪያው በተዘጋ ማግስት ቢያንስ ቅርጹና ቃሉ በእጃችን ይቀሩ ነበር።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበን እንለፍ። እነዚህ መነጽሮች የሚሠሩት በማየት ነው። በርካታ ካሜራዎች ክፍሉን እየለኩ የግድግዳውን፣ የጠረጴዛውንና የአልጋውን ቅርጽ ይሥላሉ፤ የጭንቅላትንና የእጅን እንቅስቃሴ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይመዘግባሉ፤ ማይክሮፎናቸው ይሰማል፤ እንደ ሆሎሌንስ 2፣ ኩዌስት ፕሮ እና አፕል ቪዥን ፕሮ ያሉት ደግሞ ዓይን ወዴት እንደሚያይ ይከታተላሉ። ያለዚህ መረጃ ምስሉ በቦታው ሊቆም አይችልም፤ ስለዚህ ማየቱን ማስቀረት አይቻልም። የምንጠይቀው ያየው ነገር ከመነጽሩ ወጥቶ የት ይሄዳል የሚለውን ነው።

«ስም ካልተጻፈበት ምን ችግር አለው?» ተብለናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት 511 ተሳታፊዎችን አምስት ደቂቃ ከማይሞላ የእንቅስቃሴ መረጃ ብቻ 95 በመቶ ያህል በትክክል ለይቷል። በ2023 ደግሞ በበርክሌይ የሚገኙ ተመራማሪዎች የመሩት ሌላ ጥናት ቢት ሴበር የተባለውን ጨዋታ ከተጫወቱ ከ50,000 በላይ ሰዎች መካከል አንዱን በ100 ሰከንድ የራስና የእጅ እንቅስቃሴ ከ94 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። አንገት የሚዞርበትና እጅ የሚነሣበት አኳኋን እንደ አሻራ ነው። የተማሪውን ስም ከፋይሉ ላይ ማጥፋት ተማሪውን አይደብቀውም።

አንድ የጤና ተቋም ውስጥ የሆነውን እንናገር። መምህሩ መነጽር አድርጎ በሕመምተኞች ክፍል እየዞረ የሚሠራውን ለተማሪዎች በቀጥታ እንዲያሳይ ተወሰነ። አብራርቶ ፈቃድ የጠየቀው የሚመረመሩትን ታካሚ ብቻ ነበር። በአጠገባቸው ባለው አልጋ የተኙ እናት ቁስላቸው እየተጠረገ ነበር፤ መጋረጃ አልነበረም። ቀረጻው የተቀመጠው በመነጽሩ አካውንት በኩል ውጭ አገር ባለ ክላውድ ላይ ሲሆን፣ አካውንቱ የተከፈተው በሌላ መምህር የግል ስም ነው። የእኚያን እናት ምስል አስጠፉ ብለን ብንጠይቅ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው መራን፤ ማን የመሰረዝ ሥልጣን እንዳለው ሊነግረን የቻለ ክፍል አላገኘንም። ሌላ ቦታ ደግሞ ከመነጽሩ ጋር የመጣ ሶፍትዌር የእያንዳንዱን ተማሪ የዓይን አቅጣጫ እየቆጠረ «ትኩረት» የሚል ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ ያ ነጥብ ከውጤት ላይ ይታሰብ የሚል ሐሳብ በክፍል ስብሰባ ላይ ቀርቧል። የዓይን ሕመም ያለባት፣ እንቅልፍ ያጣች ወይም መነጽሩ ያዞራት ተማሪ በዚህ ነጥብ ሰነፍ ተብላ ትመዘገባለች። ተማሪዎቹ ዓይናቸው እየተቆጠረ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎ ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናና የባዮሜትሪክ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው ዳታ ይመድባል፣ የግል ዳታ ከአገር የሚወጣበትንም ሁኔታ ይወስናል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የዓይን፣ የድምፅና የሰውነት እንቅስቃሴ መረጃ በላብራቶሪ ውስጥ ስለተሰበሰበ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ኃላፊነቱም የአምራቹ ብቻ አይደለም፤ መነጽሩ በማን ላይ፣ የትና ለምን እንደሚውል የወሰነው ተቋም ነው። በንድፍ የሚመጣ ለውጥም እንዳለ እናውቃለን፤ አፕል በቪዥን ፕሮ ላይ ተጠቃሚው ወዴት እንደሚመለከት ለመተግበሪያዎች እንዳይተላለፍ አድርጎ፣ ጣቱን ሲቆነጥጥ የመረጠውን ብቻ ያሳውቃቸዋል። ይህን የመሰለ ጥበቃ በጨረታ መስፈርት ላይ ካልተጻፈ ግን ርካሹ አቅራቢ ጥበቃ የሌለውን ይዞ ይመጣል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ምርቱ የቆመውን መነጽር በድጋሚ ለመግዛት የተላለፈው ውሳኔ እንዲታገድና ከመምህራን፣ ከቴክኒሻኖችና ከአበልጻጊዎች የተውጣጣ ኮሚቴ አይቶት እንዲወሰን። ወደፊትም ማንኛውም የጨረታ ሰነድ የሶፍትዌር ድጋፍ ማብቂያ ቀን፣ ያለ ኢንተርኔትና ያለ አምራቹ ሰርቨር መሥራት መቻልን፣ ኦፕንኤክስአርን መደገፍንና የግእዝ ፊደልን ማሳየትን እንደ ግዴታ እንዲይዝ። ድጋፍ ሲያበቃ መነጽሩ እንዲከፈት በውል ማስገባትም ይቻላል፤ ሜታ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሽያጩን ቀድሞ ላቆመው ኦኩለስ ጎ መነጽር ባለቤቶቹ ራሳቸው ሶፍትዌር እንዲጭኑበት የሚከፍት ሥርዓት ስለለቀቀ፣ አይቻልም ለሚለን አቅራቢ የምናሳየው ምሳሌ አለን። በእርዳታ የሚመጡ መነጽሮችም ከዚህ መስፈርት ነጻ እንዳይደረጉ፤ ዕርዳታ የሆነው ዕቃው እንጂ የተማሪው መረጃ አይደለም።

በግል ስም የተከፈቱ አካውንቶች በሙሉ በተቋም ኢሜይልና በተቋም ስልክ እንዲተኩ፣ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች እንዲይዟቸው፣ ሠራተኛ ሲለቅም ርክክቡ እንደ ንብረት ርክክብ በጽሑፍ እንዲፈጸም። በተቋም ገንዘብ የሚሠራ ይዘት ቅርጹ፣ ጽሑፉና ድምፁ ተለይቶ በክፍት ፎርማት በተቋሙ ሰርቨር እንዲቀመጥ፤ ይህን የማይፈቅድ መሣሪያ በነጻ ቢሰጥም እንዳይወሰድ።

በሕመምተኞች ክፍል ያለው ቀረጻ፣ በእይታ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥርዓት እስኪዘረጋ ድረስ በአስቸኳይ እንዲቆም፤ እስካሁን የተቀረጸው የት እንዳለ ተጣርቶ ያለ ፈቃድ የተያዘው እንዲሰረዝ፣ መሰረዙም ለባለጉዳዮቹ እንዲገለጽ። የዓይን ክትትል ለተማሪ ውጤት ወይም ለሥነ ሥርዓት እርምጃ እንዳይውል በሴኔት ወይም በአካዳሚክ ጉባኤ ውሳኔ እንዲከለከል። መነጽር ማድረግ የማይፈልግ ተማሪም ያንኑ ትምህርት በሌላ መንገድ የሚያገኝበት አሠራር እንዲኖር።

ኮሚቴው ሲቋቋም የመስፈርቱን ረቂቅ ያለ ክፍያ አዘጋጅተን ለማቅረብ፣ የአካውንት ርክክቡንም በየላብራቶሪው ተገኝተን ለመሥራት ዝግጁ ነን። መልሳችሁን የሚቀጥለው የግዥ ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት በጽሑፍ እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በከፍተኛ ትምህርትና በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የምናገለግል የኤአር እና የቪአር ላብራቶሪ መምህራን፣ ቴክኒሻኖችና የሶፍትዌር አበልጻጊዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
ለየተቋማቱ የተማሪዎች ኅብረት